ዳገት ላይ ማርሽ የሚያመነታ ካምቢዮ፦ ሕመም ነው ወይስ ከፍታ?

ዓለም ከተማ ወይም መሐል ሜዳ ደርሰው የተመለሱ የአውቶማቲክ መኪና ባለቤቶች ሁሌም አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፦ «ዳገት ላይ ማርሹ ይወጣል ይወርዳል፤ ካምቢዮው ሞተ እንዴ?»

አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። ሰውና ጭነት ሞልቶ ከጀማ ሸለቆ ሲወጣ በ3ኛና በ4ኛ ማርሽ መካከል ቢዋልል አይፈረድበትም። ኦቨርድራይቩን አጥፉ፤ ካልበቃ ወደ 2 አውርዱ። ቁልቁለቱንም እንዲሁ ውረዱ፣ ፍሬን እንዳይግል።

የሚያሳስበው ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ሲል፣ ከዲ ወደ አር ሲቀየር ዘግይቶ ሲመታ፣ ወይም በአንድ ማርሽ ተቆልፎ ሲቀር ነው። መጀመሪያ ዘይቱን እዩ። መለኪያ ዘንግ ባላቸው ቶዮታዎች የሚለካው ካምቢዮው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ፣ ሜዳ ቦታ ነው። ጠብታውን ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉ። ቀይ ከሆነ መልካም። ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው ግን ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች እየተበሉ ነው። ከጎደለም የሚያፈስበት ቦታ ይፈለግ፤ ካምቢዮ እንደ ሞተር ዘይት አያቃጥልም።

የኦቨርድራይቭ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ የመዘገበው ስህተት አለ፤ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት በማሽን ይነበብ። አንዳንዴ ጣጣው ሁሉ የአንድ ሴንሰር ሽቦ ነው።

ሲቪቲ ካምቢዮ ያለው ቪትዝ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው። «ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚላችሁ ጋራዥ ካጋጠመ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።