ባለቤት የራቃቸው እንስሳትና የከተማ አስተዳደር፤ ከጉና ሥር የተደረገ ዳሰሳ

መስቀል በተከበረ ማግስት፣ የደመራው ዐመድ ገና ከአደባባይ ሳይጠረግ፣ መስከረም 18 ቀን በብዙ አገሮች የእብድ ውሻ በሽታን የመከላከል ዕለት ሆኖ ይታሰባል፤ ቀኑም የተመረጠው የበሽታውን ክትባት ለዓለም ያበረከተው ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 ያረፈበት ስለ ሆነ ነው። ከሐኪሞች በቀር ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህ ዕለት በ2018 ዓ.ም. መባቻ የደረሰው ግን፣ ባለቤት የራቃቸው እንስሳት ጉዳይ የመንግሥታትና የፍርድ ቤቶች ክርክር በሆነበት ሰዓት ነው። በነሐሴ 2017 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዴልሂ የጎዳና ውሾች በሙሉ ተይዘው በማቆያ እንዲገቡ ካዘዘ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ትእዛዙን አሻሽሎ፣ ከታመሙትና ከተናካሾቹ በቀር ተከትበውና እንዳይወልዱ ተደርገው ወደየሰፈራቸው ይመለሱ አለ፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ቱርክ ውሾቿን ከመንገድ አንሥታ በማቆያ የምታከማችበትን ሕግ አውጥታ ሕዝቧን ለሁለት ከፍላ ነበር። በውሻ ንክሻ ምክንያት በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እ.ኤ.አ. በ2030 እንዳይኖር የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ የቆረጡት ቀጠሮም የቀረው ዕድሜ ከአምስት ዓመት አይበልጥም።

ይህን ሁሉ ከደብረ ታቦር፣ ከክምር ድንጋይ ወይም ከነፋስ መውጫ ሆኖ ለሚሰማ ሰው፣ ነገሩ የሩቅ አገር ቅንጦት ሊመስለው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ማታ የሥጋ ቤቶቹ መዝጊያ ሲወርድ፣ የተፋቀው ዐጥንትና የታጠበው ጨጓራ ትርፍ በቦዩ ዳር ሲጣል፣ ከየግቢው አጥር ሥር እየሾለኩ የሚሰበሰቡትን ውሾች፣ ንጋትም ላይ ደብተራቸውን በደረታቸው ታቅፈው ድንጋይ ጨብጠው በዚያው መንገድ የሚያልፉትን ተማሪዎች ያየ ሁሉ፣ ጉዳዩ የደጃፋችን መሆኑን አይክድም። ከእነዚያ ውሾች አብዛኞቹ በእውነት ጌታ አልባ አይደሉም፤ ቀን ቀን በር ይጠብቃሉ፣ ስምም አላቸው፣ ማታ ግን የሚያበላቸው ስለሌለ ይለቀቃሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የኛ ከተማ ውሻ በአንዱ ቤት እየጮኸ በሌላው ደጅ የሚበላ ስለ ሆነ፣ ነካሽ ሆኖ በተገኘ ጊዜ የኔ ነው የሚል ይታጣል።

በከተማ አስተዳደርም ዘንድ መልኩ ይኸው ነው። ለውሻ ክትባት የሚጠየቀው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ውሻው ሰው ሲነክስ ጉዳዩ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ይዞራል፤ ሞቶ መንገድ ላይ ሲገኝ የጽዳት ሠራተኞች ዕዳ ይሆናል፤ በዝቷል ተብሎ አቤቱታ ሲቀርብ ደግሞ ከንቲባው ኮሚቴ ያቋቁማል። አራት በር አለው፣ ቤት ግን የለውም። ስለ እንስሳት ማደሪያ ሲነገር ብዙዎች በአሳባቸው የሚስሉት ግንብ፣ ቆርቆሮና የብረት ፍርግርግ ነው፤ እኔ ግን ነገሩን ባሰብሁት መጠን፣ ከግንቡ አስቀድሞ የጎደለው መዝገቡና ኃላፊው ሰው ነው ከማለት አልተመለስሁም።

የጠፋ እንስሳ አስጠግቶ ማቆየት ለአገራችን ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፣ የባዘነ በሬ ወይም በግ ያገኘ ሰው ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ በቤቱ እንዲያቆየው ይደነግጋል፤ በደጋው ገበሬ ዘንድም ባዕድ ከብት ከመንጋው ተቀላቅሎ ሲያገኝ ቀለሙንና ምልክቱን ለይቶ በገበያና ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ማስነገር፣ ባለቤቱም ሲመጣ ምልክቱን አስነግሮ ማስረከብ የአደራ ሥርዓት ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2071፣ እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። ሕጉና ልማዱ ሁለቱም የቆሙት ባለቤቱ የሚታወቅ ከመሆኑ ላይ ነው፤ በበሬ ላይ ሠርቷል፣ በውሻና ባረጀ አህያ ላይ ግን፣ ባለቤቱ እንዳይታወቅ የሚፈልገው ባለቤቱ ራሱ ስለ ሆነ፣ ሥራ ፈት ሆኖ ቀርቷል።

ስለ አራዊተ ገዳም ማቆያዎች በአጭሩ እናልፋለን፤ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በ1940 ዓ.ም. የተመሠረተው የአንበሳ ግቢም፣ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ በመናገሻ አካባቢ ከሕገ ወጥ ነጋዴ እጅ የተነጠቁ የአቦሸማኔ ግልገሎችንና አንበሶችን የሚያሳድገው እንስሳ ኮቴም የሚመሰገኑ ናቸው፣ ነገር ግን ለወረዳ ከተማ የሚተርፍ ትምህርታቸው ጥቂት ነው። የከብት በሽታ መከላከልም የራሱ ሰፊ ታሪክ አለው፤ በክፉው ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በሬውን ጨርሶ አገሩን ያራበው የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የተረጋገጠው፣ በየበረቱ በተደረገ ክትባት እንጂ ከብቱን በማጥፋት አለመሆኑን ብቻ በልባችን እንያዝ።

አህያ ግን ቆም ያሰኛል። ከጉና ተረተር ገብስና ድንች አሳፍሮ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚያወርደው፣ ውኃውን፣ እንጨቱንና ሲሚንቶውን የሚያመላልሰው ይህ ትዕግሥተኛ ፍጡር፣ መደላድሉ ሲያልቅ ጀርባው ይገጥባል፣ ገጣባው ሲመረቅዝ ጭነት እንቢ ይላል፣ እንቢ ባለ ጊዜም ከከተማው ዳር ይለቀቅና የጅብ ሲሳይ ይሆናል። በአገራችን ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሚሠራው የእንግሊዞች የአህያ መጠጊያ ድርጅት ከሁሉ አብልጦ የደከመው የደከሙ አህዮችን በአንድ ግቢ በመሰብሰብ አይደለም፤ ቁስል በማከም፣ ሰኮና በመቁረጥና ለባለቤቶች መልካም መደላድል አሠራርን በማስተማር ነው። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በነዋሪው ተቃውሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መዘጋቱ፣ በ2016ም የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድ እንዲታገድ መስማማታቸው፣ ሰው ለአህያ ያለው ስሜት ከሚታሰበው የጠለቀ መሆኑን ያሳያል። እዚህ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ቀላል ነው፤ በገበያው ዳር ውኃ የሚጠጣበት ገንዳ፣ ጥላ፣ በገበያ ቀንም ቁስል የሚያጥብ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢኖር፣ ወደ መጣል የሚደርሰው አህያ ቁጥር ከምንጩ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር፣ ወደ መርዙ እንመለስ። በአዲስ አበባም ሆነ በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች ለብዙ ዓመታት የተለመደው ዘዴ፣ ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ በሥጋ ቁራሽ ከትቶ በሌሊት መበተንና ሲነጋ ሬሳውን በጋሪ ማስነሣት ነበር። የሞቱ ዓይነት ለማየት የሚያስጨንቅ ነው፤ ውሻው አእምሮውን ሳይስት ሰውነቱ እየተንዘፈዘፈና እየተገተረ፣ ትንፋሹ እስኪቆረጥ ድረስ ይሠቃያል። የቤት አልባ እንስሳት ጥበቃ ማኅበርን የመሳሰሉ አገር በቀል ማኅበሮች ይህን ሲቃወሙ፣ ከሹማምንቱ አንዳንዶቹ የሰው ልጅ ሳይጠግብ ለውሻ መራራት ምንድን ነው ብለው መሳለቃቸው አልቀረም። መልሱን ከርኅራኄ አንጻር መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን ርኅራኄን ለማይሰማ ሰው እንኳ የሚበቃ ሌላ መልስ አለ፤ መርዙ ሥራውን አይሠራም።

አይሠራም ማለቴ ስለዚህ ነው። መርዙን አስቀድመው የሚበሉት ሰው የለመዱት፣ በየደጁ የሚያድሩት፣ ምናልባትም የተከተቡት ውሾች ናቸው፤ ከሰው የሚሸሸው ዱርዬው ይተርፋል። የሞቱትም ስፍራ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ቆሻሻው እስካለ ድረስ ከገጠሩ የሚመጡና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወልዱት ይሞሉታል፣ አዲስ መጦቹም ክትባት የሚባል ነገር አያውቁም። ሊቃውንቱ እንደሚሉት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶው በየዓመቱ ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይከስማል፤ መርዝ ግን ይህን መቶኛ ወደ ታች ይጎትታል እንጂ አያሳድገውም። የኢስታንቡል ሹማምንት እ.ኤ.አ. በ1910 በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ የከተማዪቱን ውሾች ሰብስበው ውኃ ወደሌለባት ደሴት በመርከብ አግዘው በረኃብና በጥም ፈጇቸው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ያችው አገር ያንኑ ጥያቄ እንደገና ስትከራከርበት አየናት። በአንጻሩ ትንሿ የሂማላያ አገር ቡታን፣ እንደ ጉና ያለ ብርድና ገደል ያለባት፣ ሃይማኖቷም ነፍስ ማጥፋትን የሚከለክል፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ውሾቿን እየያዘች፣ እየከተበችና እንዳይወልዱ እያደረገች ስትለቅ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራውን መፈጸሟን አስታወቀች።

ታላላቅ ማቆያዎችንም ቢሆን በጥርጣሬ ነው የምመለከታቸው። መቶ ውሻ በአንድ አጥር የሚያጉር ከተማ፣ የመቶ ውሻ ቀለብ፣ የጥበቃ ደመወዝና መድኃኒት በየወሩ ሊከፍል ነው፤ ቀለቡ አንድ ወር ቢዘገይ በዚያ ውስጥ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም፤ የተላላፊ በሽታውም ነገር እንዲሁ ነው። ለደብረ ታቦር መጠን ላለው ከተማ የሚስማማው፣ በእኔ አስተያየት፣ አምስት ወይም ስድስት ክፍል ያላት፣ ወለሏ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቦይና ውኃ ያላት፣ አንድ የታወቀ ጠባቂ የተሾመባት ትንሽ የዐሥር ቀን ቤት ናት።

ለምን ዐሥር ቀን? ሰው የነከሰ ውሻ ወይም ድመት በንክሻው ሰዓት በሽታውን የሚያስተላልፍ ከነበረ፣ በዐሥር ቀን ውስጥ ታምሞ ይሞታል፤ ዐሥሩን ቀን በጤና ከዋለ ግን በምራቁ በሽታው አልነበረም፣ የተነከሰው ሰውም የጀመረውን ክትባት በሐኪም ፈቃድ ሊያቆም ይችላል። በእኛ ዘንድ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውሻው እንደ ነከሰ በዱላ ይገደላል፣ ራሱም ለምርመራ ሳይላክ ይቀበራል፣ ስለዚህ የተነከሰው ልጅ፣ ውሻው ምናልባት ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ክትባቱን እስከ መጨረሻው መቀበል ግድ ይሆንበታል፤ ክትባቱ በቅርብ ካልተገኘም አባቱ በግ ሸጦ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይዞት ይሄዳል።

የክትባቱ ታሪክ ራሱ ሊወሳ ይገባዋል። ታሪክ ጸሓፊዎች በ1876 ዓ.ም. በብዙ የአገሪቱ ክፍል፣ በነሐሴ 1895ም በአዲስ አበባ ብርቱ የእብድ ውሻ በሽታ መነሣቱን መዝግበዋል። ኋላም በአዲስ አበባ በፈረንሳዮች እርዳታ የቆመው የፓስተር ተቋም፣ ሠፈሩን እስከ ዛሬ ድረስ ፓስተር አሰኝቶት የቀረው፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን ክትባት ያድል ጀመር፤ ያ ክትባት ከዐሥር ቀን በላይ በየቀኑ በሆድ ቆዳ የሚወጋ፣ ሥቃዩ ብዙ፣ አልፎ አልፎም በነርቭ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ስለ ነበረ፣ ዛሬም ሽማግሌዎች ስሙን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይይዛሉ። አዲሱ በክንድ የሚሰጠውና ቁጥሩ ያነሰው ክትባት እጅግ ይሻላል፣ ዋጋውና አቅርቦቱ ግን የገጠሩን ሰው ያስቸግራል። በዚህ ክፍተት ነው የባህል መድኃኒተኛው የሚገባው፤ የእንዶድ ሥር ተወቅጦ ከሚጠጣባቸው ቦታዎች የኛ አካባቢ አንዱ ነው። እንዶድ ጋቢ አጥቦ ያነጻ ዕፅ ነውና በዚያው በማጠብ ሥራው በረጋ ባልሁ፤ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ከሚጠጣው ሁሉ የበለጠ ነፍስ ያድናልና፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም።

ጉናን ስንጠራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው ጓሳ ውስጥ በቅርብ ዘመን ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል። በዓለም ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘውና ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ይህ አውሬ፣ በባሌ በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ከእረኛ ውሾች በተጋባበት በዚሁ በሽታ ብዙ መንጋ አልቆበታል፤ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራምም በዚህ ምክንያት በተራሮቹ ዙሪያ ያሉትን የገበሬ ውሾች በየዓመቱ መከተብን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አደረገ። የባሌው ሥራ ካስተማረን አንዱ፣ የገጠር ውሻ ገመድ ስለማያውቅ፣ ባለሙያ ሲያባርረው ገደል ለገደል እንደሚሮጥ፣ እረኛው ልጅ ጆሮውን ይዞ ሲያመጣው ግን ጸጥ ብሎ እንደሚወጋ ነው፤ ስለዚህ ዘመቻው የሚሳካው ልጆቹ ከትምህርት ቤት ባረፉበት ቀን ነው።

ከዚህ የሚቀረው የአሠራር ነገር ነው። የውሻ መዝገብ በቀበሌ ደረጃ ቢያዝ፣ የባለቤቱ ስም፣ የውሻው ቀለምና የተከተበበት ቀን ተጽፎ በአንገቱ ቀለም ያለው ጨርቅ ቢታሰርለት፣ ጥርጥር በተነሣ ጊዜ ማን ተከተበ ማን አልተከተበም የሚለው በዓይን ይለያል፤ በዚህ ሥራ እድሮች ከማንኛውም ጽሕፈት ቤት ይበልጣሉ፣ የማን ቤት ስንት ውሻ እንዳለው ሳይጠይቁ ያውቃሉና። ወራቱም ቢመረጥ፣ ከአዝመራ በኋላ ባሉት በጥርና በየካቲት፣ መንገዱ ደርቆ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ሳይሞቅ ከጉና አናት መድረስ በሚችልበት ጊዜ ይሁን፤ ዕለቱንም ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ ቢያስነግሩ ማስታወቂያ ከመለጠፍ ይልቅ ይሰማል። የሥጋ ቤቶቹ ትርፍ ክዳን ባለው በርሜል ይገባ ዘንድ ፈቃድ ሲታደስ ግዴታ ቢሆን፣ የሌሊቱ ጉባኤ ግማሹ ይበተናል። የዐሥሩ ቀን ቤት ወጪ ለነከሰው ውሻ ባለቤት ሊተላለፍ ይችላል፣ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ኃላፊ አድርጎታልና፤ ባለቤት ሲታጣ ግን ከተማው ይክፈል። ይህም በእንስሳት ሀብት፣ በጤናና በጽዳት ሦስቱም በጀት ተቆራርሶ ከሚጠፋ፣ ሐምሌ 1 ቀን በሚጀምረው የበጀት ዓመት በአንዱ ጽሕፈት ቤት ስም፣ በራሱ አርእስት፣ ጠባቂውም በስሙ ተጽፎ ይግባ፤ ለእኔ ምርጫው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ነው፣ ጤና ጽሕፈት ቤት ውሻ የነከሳቸውን ሰዎች ዝርዝር በየሳምንቱ እንዲያስተላልፍለት ሆኖ።