ረቢ ሳይቀጥሩ የሚጸልዩ ወጣቶች

በአይሁድ ሥርዓት የማኅበር ጸሎት ለማድረስ ምኩራብም ረቢም ግዴታ አይደሉም። ግዴታው ሰው ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱ ዐሥር ሰዎች። ይህ ጉባኤ «ሚንያን» ይባላል። ጥንታውያን መምህራን ቁጥሩን ያወጡት ከኦሪት ዘኁልቁ ነው። ከነዓንን ሊሰልሉ ከሄዱት ዐሥራ ሁለት ሰዎች ኢያሱና ካሌብ ሲቀነሱ፣ ክፉ ወሬ ይዘው የተመለሱት ዐሥሩ እዚያ «ማኅበር» ተብለው ተጠርተዋል። ለጸሎት የሚበቃው ቁጥር ከእነዚያ ሰዎች መገኘቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በዚህ ጥንታዊ ፈቃድ የተጠቀሙ ወጣቶች በአሜሪካ አዲስ ነገር ፈጥረዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. ዔሊ ካውንፈር፣ ኢታን ታከርና ማራ ቤንጃሚን በኒው ዮርክ አፐር ዌስት ሳይድ ወዳጆቻቸውን ለሰንበት ጸሎት ጠሩ። በመጀመሪያው ቀን ወደ 60 ሰው መጣ። «ቀሂላት ሃዳር» የተባለው ጉባኤ እንዲህ ተወለደ። ሕንፃ አልነበረውም፤ ደሞዝተኛ ረቢም አልቀጠረም። ጸሎቱን የሚመሩት፣ ኦሪቱን በዜማ የሚያነቡት፣ ወንበር የሚደረድሩት ተራ የደረሳቸው አባላት ናቸው። በጽዋ ማኅበር ላደገ አንባቢ ተራ መያዙ እንግዳ አይሆንበትም።

መነሻው እምነትን መሸሽ አልነበረም። የሰፈር ምኩራቦች የቆሙት ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ነበር፤ ዘግይቶ የሚያገባው ወጣት እዚያ ቦታ አላገኘም። ብዙዎቹ ደግሞ በአይሁድ ትምህርት ቤትና በክረምት ካምፕ ያደጉ፣ ዕብራይስጡን የሚያነቡ፣ ዜማውን የሚያውቁ ነበሩ። መምራት እየቻሉ ተመልካች ሆነው መቀመጥ አላረካቸውም። የእንቅስቃሴው ቁም ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ እውቀቱ ባይኖር ነፃነቱ ብቻውን ሁለት ሰንበት አይዘልቅም ነበር።

ከእነርሱ በፊትም መንገድ የጠረጉ አሉ። በ1968 በቦስተን አጠገብ የተመሠረተው «ሃቩራት ሻሎም» ትንሽ፣ የሚተዋወቁ ሰዎች ስብስብ ነበር። የ2000ዎቹ ወጣቶች ግን በሩን ለማንም ከፈቱ፤ ባህላዊውን ጸሎትም ሳይቆርጡ በዕብራይስጥ አደረሱ።

ከባዱ ጥያቄ የሴቶች ነበር። በኦርቶዶክስ አይሁድ ዘንድ ለሚንያን የሚቆጠሩት ወንዶች ብቻ ናቸው። ሃዳር ሴቱንም ወንዱንም እኩል ቆጠረ። በ2002 በኢየሩሳሌም የተመሠረተው «ሺራ ሃዳሻ» ሌላ መላ አገኘ። ወንዶችና ሴቶች በመጋረጃ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ሴቶች ኦሪት ያነባሉ፣ የጸሎቱንም የተወሰነ ክፍል ይመራሉ። ዐሥር ወንዶችና ዐሥር ሴቶች ሳይሟሉ ግን ጸሎቱ አይጀመርም። ሕጉን ሳይጥሱ ሴቶቹን ተጠባቂ ማድረጋቸው ብልህነት ነው።

ነቀፌታ አልቀረላቸውም። የልጆች ትምህርት፣ የመቃብር ቦታ፣ የሐዘን ጊዜ ድጋፍ በነባሮቹ ምኩራቦች ትከሻ ላይ ወድቋል፤ እነዚህ ግን ቀላሉን ይዘዋል ይባላል። ትችቱ እውነት አለው። በእኔ እይታ የተሻለው መልስ ትምህርት ነው፤ ከሃዳር መሥራቾች ካውንፈርና ታከር በ2006 የሃዳርን ተቋም ከሌላ ባልደረባ ጋር አቁመው ተራው ምእመን ራሱ ተምሮ እንዲመራ ማሠልጠን ጀመሩ።

ኒው ዮርክ ወይም ኢየሩሳሌም ያላችሁ አንባቢዎች፣ ጸሎት ባለበት ቅዳሜ ጠዋት ብትሄዱ ጉባኤዎቹ እንግዳ ይቀበላሉ። ወንዶች ራሳችሁን ሸፍኑ፤ ሰንበት ስለሆነ ስልክ አጥፉ፣ ፎቶም አታንሡ።