የእጅ ጌም ዋጋው በድንጋዩ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሱሉልታ ላይ መብራት ሄደ። በጎጃም መንገድ ዳር ካሉት የፕሌይ ስቴሽን ቤቶች በአንዱ ውስጥ የሚጫወቱ ሁለት ወጣቶች 2 ለ 1 ላይ እንዳሉ ቴሌቪዥኑ ጠቆረባቸው። ባለቤቱ «ሒሳብ!» ሲል ተሸናፊው «ያላለቀ ጨዋታ አይከፈልም» አለ። ክርክሩ ደጅ ድረስ ወጣ።

ደጁ ላይ ግን ሌላ ገበያ ቆሟል። ዕድሜው ከ10 ዓመት የማይበልጥ ልጅ ከጃኬቱ ኪስ አንዲት የቻይና ጌም አውጥቶ ይጫወታል። ሰባት ስምንት የሚሆኑ ልጆች ከበውት ተራ ይጠብቃሉ። ጌሟ ጀርባ ላይ «400 በ1» የሚል ተጽፏል። መብራት በሌለበት በዚያ ሰዓት በአካባቢው ሥራ ያላቆመ የጨዋታ መሣሪያ እሷ ብቻ ነበረች።

ይህ ጸሐፊ ሱሉልታ ያደገ እንደመሆኑ ትዕይንቱ አዲስ አልሆነበትም። ከ20 ዓመት በፊት እዚያው መንገድ ዳር ቆሞ ተራ ሲጠብቅ ነበርና። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢኮኖሚክስ ሲማር መምህሩ ስለ አቅርቦትና ፍላጎት፣ ስለ ተጓዳኝ ዕቃና ስለ ተተኪ ዕቃ የነገሩትን ነገር አብዛኛውን ቀድሞ የተማረው ከእጅ ጌም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሬዲዮና ጌም በአንድ ጥንድ ድንጋይ

በ1990ዎቹ መጨረሻ በኛ ሰፈር ጌም ማለት ብሪክ ጌም ነበር። ስክሪኗ አግድም 10፣ ወደ ታች 20 የሆኑ ትናንሽ ጥቁር ካሬዎች ናት። ዋናው ጨዋታዋ ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እያዞሩ መደርደር ሲሆን ይኸውም አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ ከፈጠረው ቴትሪስ የተቀዳ ነው። ሽፋኗ ላይ «9999 በ1» ተብሎ ይጻፋል። ተቆጥሮ ሲታይ ግን ጨዋታዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የቀረው ያው ጨዋታ ፍጥነቱና ደረጃው እየተቀያየረ ነው። ስለ ግሽበት የመጀመሪያ ትምህርቴ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

እኔ የነበረችኝን አባቴ ከመርካቶ በ35 ብር ነበር የገዛልኝ። የምትሠራው በሁለት ትናንሽ ድንጋዮች ነው። ጥንዱ ድንጋይ በወቅቱ 3 ብር ያህል ነበር፤ እንደኔ ጠዋት ማታ ለሚጫወት ልጅ ከሳምንት አይዘልም። እንግዲህ አንባቢ ራሱ ያስላው። 3 ብር በ52 ሳምንት ሲባዛ 156 ብር ይመጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ድንጋዩ ከጌሙ ዋጋ አራት እጥፍ በላይ ይፈጃል ማለት ነው። አባቴ ጌሙን ሲገዛ የተከራከረው በ5 ብር ቅናሽ ነበር፤ ስለ ድንጋዩ ግን ያነሳ አልነበረም።

ችግሩ ደግሞ የአባቴ ሬዲዮም የሚሠራው በዚያው ዓይነት ድንጋይ መሆኑ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የውጭ ጣቢያ ዜና ሊያዳምጥ ቁልፉን ሲያዞር ሬዲዮው ዝም ይላል። ድንጋዩን ጌም በልቶታል። በሌላ ቤት ቢሆን አለንጋ ይወርድ ነበር። አባቴ ግን ደንብ አወጣ፤ ድንጋዩ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ጌም ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ውስጥ ይገባል። አንድን ነገር ለአንድ ጥቅም ባዋልነው ቁጥር ሌላ ጥቅም እንደሚቀርብን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም።

ድንጋዩ ሲደክም የምናደርገውን የዘመኑ ልጅ ያስታውሰዋል። በጥርስ እንነክሰዋለን፣ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ሱሉልታ ግን ከእንጦጦ ጀርባ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ፀሐይ ራሷ እጥረት ውስጥ ትገባለች፤ ብርዱም ድንጋዩን ከወትሮው ፈጥኖ ያደክመዋል። ስለዚህ ድንጋዩን ብብታችን ውስጥ አሙቀን ለአምስት ደቂቃ ጨዋታ እንለምነው ነበር።

ደካማው ለምን አሸነፈ?

ይህ የሱሉልታ ልጆች ችግር ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1889 የካርታ መጫወቻ አምራች ሆኖ የተመሠረተ ነው። ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1989 ጌም ቦይን ገበያ ላይ አዋለ። የመሣሪያው ስክሪን ቀለም አልነበረውም፣ መብራትም አልነበረውም። በዚያው ዓመት አታሪ ሊንክስን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሴጋ ጌም ጊርን ባለቀለምና ባለመብራት ስክሪን አድርገው አወጡ። ላየ ሰው ውድድሩ ያለቀለት ይመስል ነበር።

ነገር ግን ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ሲጫወት ጌም ጊር ስድስት ድንጋይ ወስዶ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ይቆያል። ዋጋውም የጌም ቦይ 90 ዶላር ሲሆን የጌም ጊር 150 ዶላር ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ጌም ቦይና ተከታዩ ባለቀለም ጌም ቦይ አንድ ላይ ከ118 ሚሊዮን በላይ ሲሸጡ ጌም ጊር 11 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም።

ከጌም ቦይ በስተጀርባ የነበረው መሐንዲስ ጉንፔይ ዮኮይ ይባላል። አዲስ የወጣን ውድ ቴክኖሎጂ ከማሳደድ ይልቅ የረከሰውንና ተፈትኖ የታወቀውን ወስዶ ለአዲስ ጥቅም ማዋል የሚል ፍልስፍና ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጡት የመጀመሪያዎቹ የእጅ ጌሞቹ የተሠሩትም በካልኩሌተር ስክሪን ነበር። ዮኮይ እ.ኤ.አ. በ1997 በመኪና አደጋ ሞቷል። ሐሳቡ ግን የምን አለሽ ተራ ቀጥቃጮች ከበርሜል ቆርቆሮ ምድጃ ሲያወጡ ከሚሠሩበት ሐሳብ ብዙም የሚርቅ አይደለም።

የአክስቴ ፒኤስፒ

በ2003 ዓ.ም. አክስቴ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ከሠራችበት ከቤሩት ተመለሰች። ከሻንጣዋ ውስጥ አንድ ፒኤስፒ ወጣ። ያሳደገችው የአሠሪዋ ልጅ ሌላ ስለተገዛለት «ለአገርሽ ልጆች» ብሎ የሰጣት ነው። ሶኒ ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ፣ በ2005 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በ250 ዶላር ለገበያ ያቀረበው ሲሆን፣ በዓለም ወደ 80 ሚሊዮን ያህል ተሽጧል። በብሪክ ጌም ላደገ ልጅ ስክሪኑን ማየት ብቻ ተአምር ነበር።

ሶኒ ጨዋታዎቹን የሚሸጠው በትናንሽ ዲስኮች ነበር። እኔ ግን ሱሉልታም ሆነ አዲሱ ገበያ ዲስክ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። ያለው አማራጭ ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ሚሞሪ ላይ ጌም ማስጫን ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ለሚል ሰው የሚሸጥለት አልነበረም። ይህ ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም፤ ገበያው ለምን ወደዚያ እንደሄደ ግን ያስረዳል።

ባዶ እጄን አልተቀመጥኩም። ለሰፈር ልጆች 10 ደቂቃ በ1 ብር ማከራየት ጀመርኩ። ባትሪው አንዴ ሲሞላ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ደንበኛ ካልተቋረጠ 24 ብር ይገኛል። አክስቴ ይህን አይታ፣ «አንተ ልጅ፣ ብሩን ከረሜላ ከምታደርገው ከእኔ ዕቁብ ጣለው» አለችኝ። ዕቁቡ በሳምንት 50 ብር ነበር። 20ው ከፒኤስፒው፣ 30ው ከእሷ ሆነ። ዕጣው ሲወጣላት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ እንጀራ መሸጥ ጀመረች። ስድስት ዓመት የሠራችበት ገንዘብ በቤት ኪራይና በዘመድ ዕዳ አልቆ ነበርና እግሯን ያቆመላት ያ ምጣድ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የፒኤስፒው ባትሪ አብጦ ክዳኑ አልገጥም አለ። አዲስ አበባ ወርጄ ሌላ ገዛሁ። ጀርባው ላይ «3600» የሚል ትልቅ ቁጥር ተጽፎበታል። ከ40 ደቂቃ በላይ አልቆየም። ልመልስ ብሄድ ባለሱቁ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ወደሚለው ወረቀት በጣቱ አመለከተኝ። የ9999ኙ ታሪክ በ3600 ተደገመ። ከዚያ ወዲያ ፒኤስፒው የሚሠራው ሶኬት ላይ ሲሰካ ብቻ ሆነ። የእጅ ጌም የግድግዳ ጌም ሲሆን ደንበኛም ሸሸ። በ2008 ዩኒቨርሲቲ ስገባ ለመለዋወጫ ለሚፈልግ ሰው በ600 ብር ሸጥኩት። አክስቴ ስትሰማ አልተቆጣችም፤ «ምጣዱ አለ አይደለም?» ነው ያለችው።

90 ዶላር ትናንትና ዛሬ

ጌም ቦይ በወጣበት ዘመን አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። በዚያ ስሌት 90 ዶላር 186 ብር ገደማ ነው። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ምንዛሪው 5 ብር ሲደረግ ያው 90 ዶላር 450 ብር ሆነ። ዛሬ ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 13,500 ብር ይደርሳል።

የኒንቴንዶ አዲሱ የእጅ ጌም ስዊች 2 እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በ450 ዶላር ነው የወጣው። በዚሁ በ150 ብር ስሌት ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ሳይታሰብ 67,500 ብር ማለት ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው ምንዛሪ ቢሆን 26 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር በመሆኑ፣ ይህ ሠራተኛ ሳይበላ ሳይጠጣ ስድስት ወር ያህል መሥራት ይኖርበታል።

ታዲያ ስልክ እያለ የእጅ ጌም ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ስልክ ትልቁ ተተኪ ዕቃ መሆኑ አይካድም። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት «ኩኩሉ» የተሰኘችውን ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ጨዋታ ሲሠራም የመረጠው ስልክን ነው። ሆኖም በስልክ «ነፃ» የሚባለው ጨዋታ በየመሐሉ ማስታወቂያ ያስገባል፤ ማስታወቂያው ደግሞ የሚመጣው በተጫዋቹ የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ባትሪው ሲያልቅም የሚያልቀው ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ስልኩም ነው። የድንጋዩ ሒሳብ መልኩን ለውጦ መጣ እንጂ አልቀረም።

ለገዢ የሚሆን ምክር

ስለዚህ የእጅ ጌም ለመግዛት ያሰበ ሰው በዚህ ጸሐፊ እምነት ከሁሉ በፊት ባትሪውን ይጠይቅ። ያገለገለ ፒኤስፒ ከሆነ ክዳኑን ከፍቶ ባትሪው አለማበጡን ይመልከት። ሶኬቱን ነቅሎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጫወት ገንዘብ አይክፈል። ሶኒ ፒኤስፒን መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ስለሆነ «ኦሪጅናል አዲስ ባትሪ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ይስማ። ሽፋን ላይ የተጻፈ የጨዋታ ብዛት ዋጋ አይጨምርም። ርካሾቹ የቻይና ጌሞች አንድ የማይናቅ ጥቅም አላቸው፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት በቀድሞው የኖኪያ ስልክ ባትሪ ዓይነት በመሆኑ መለዋወጫው በየሰፈሩ ሱቅ አለ። ዮኮይ ቢኖር ይህን ሳያደንቅ አይቀርም ነበር።

ወደ ቅዳሜው ልጅ ልመለስ። የመብራቱ ነገር ተስፋ ሲያስቆርጥ ልጆቹ አንድ ዙር ይጨመር ብለው ይጨቃጨቁ ጀመር። እሱ ግን ጌሙን አጠፋ። ጀርባዋን ከፈተና ባትሪዋን አውጥቶ ኪሱ ከተታት። ባትሪዋ የእናቱ ስልክ ናት። ማታ ታላቅ እህቱ ከዓረብ አገር ትደውላለችና ስልኩ መከፈት አለበት።

ፕሌይ ስቴሽን ቤቱ ደጅ የሒሳቡ ክርክር ገና አላለቀም ነበር።