ጠጠሩ ከወጣ በኋላ

በደባርቅና በዳባት ጎኑን የወጋው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ብርድን ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ደጋ ይህን ማሰቡ አይፈረድበትም። የኩላሊት ጠጠር ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ሕመሙ ከአንድ ጎን ድንገት ይነሳል፣ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ፋታ ሰጥቶ ይመለሳል። ብርድ የመታው ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል፤ ጠጠር የያዘው ግን መቀመጡም መተኛቱም አልሆን ብሎት ይንቆራጠጣል፣ ያስመልሰዋል፤ ሽንቱም ደም ሊቀላቅል ይችላል።

ጠጠር የሚፈጠረው ሽንት ሲወፍርና በውስጡ ያሉት ማዕድናት ሲረጉ ነው። አብዛኛው ካልሲየም ኦክሳሌት ሲሆን ዩሪክ አሲድና የሽንት ኢንፌክሽን የሚፈጥሩትም አለ። ዘርም ድርሻ አለው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የውሃ ነገር ነው። ደጋ ላይ ብርዱ ጥምን ያስረሳል፤ ሰው በቡናና በጠላ ብቻ ይውላል። ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ሁመራ ሰሊጥ እርሻ የሚሄደው ወጣት ደግሞ በቆላ ሙቀት በላብ ያጣውን ውሃ ሳይተካ ይሠራል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስም ማታ ካልካሰው ሽንቱ ይጠቁራል።

ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር ብዙውን ጊዜ በማስታገሻ እየታገዘ በራሱ ይወጣል። ከ10 ሚሊ ሜትር ያለፈው በአብዛኛው በድንጋጤ ሞገድ መሰበር፣ ወይም በሽንት ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ወይም በጎን በኩል በትንሽ ቀዳዳ መውጣት ይኖርበታል። የሞገዱ ሕክምና በ1980 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሙኒክ ውስጥ ተጀመረ። ከደባርቅ ጎንደር ሆስፒታል ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከሕመሙ ጋር ከመጣ፣ ወይም ሽንት ከቆመ፣ ማደር አይገባም፤ የታገደ ኩላሊት ሲመረዝ ሕይወት ያጠፋል።

ሕመሙ ሲያልፍ ብዙዎች ተገላገልኩ ብለው ይረሱታል። ጥንቃቄ ካልታከለበት ግን ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ዳግም ይያዛሉ። ስለዚህ በቀን ቢያንስ 2 ሊትር ተኩል የሚሸና ያህል ውሃ መጠጣት፣ ጨው መቀነስ ይገባል። ካልሲየም አለው ተብሎ ወተት መተው ስሕተት ነው፤ ከምግብ ጋር የሚገባ ካልሲየም ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ጠላና ቢራ ጠጠር ያጥባል የሚለውንም አትመኑ።

ጠጠር ሲወጣላችሁም አትጣሉት፤ በንጹሕ ብልቃጥ ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩት፤ ዓይነቱ ከታወቀ መከላከያውም ይታወቃል።