«መሰል» የሚል የሕመም ስም እንዴት ይተርጐም?

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ ስንመልስ ዘወትር የሚገጥመን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የባዕዱን ቃል ሥረ ፍቺ እንከተል ወይስ ቃሉ ዛሬ የሚወክለውን ጽንሰ ሐሳብ? የሚለው ነው። የአንጎል ዕጢዎችን በመመርመር የታወቁት አሜሪካዊት ፓቶሎጂስት ዶክተር ሉሲ ሮርክ አዳምስ ያከናወኑት ሥራ ለዚህ ጥያቄ ብርሃን ይሰጣል።

ሮርክ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1929 ከአርመን ቤተ ሰብ በሚኒሶታ ተወለዱ። በፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታልም ለብዙ ዓመታት በአንጎል ሕመም የሞቱና የታመሙ ሕፃናትን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩና ሲያስተምሩ ቈይተዋል። በዚህ የሥራ ዘመናቸው ሁለት የስያሜ ጉዳዮች ጐልተው ይታያሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ሐሳብ ነው። ገና ያልበሰሉ ሕዋሳት ያሏቸው የሕፃናት አንጎል ዕጢዎች መልካቸው አንድ ስለ ሆነ፣ የበቀሉበት ስፍራ ቢለያይም በአንድ የወል ስም ይጠሩ አሉ። ሐሳቡ ብዙ አከራከረ። ቈይቶም የጂን ጥናት በመልክ የሚመሳሰሉት ዕጢዎች በባሕርይ የተለያዩ መሆናቸውን ስላሳየ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምደባ የወል ስሙ ቀረ።

ሁለተኛው ግን ጸና። ቀድሞ ሜዱሎብላስቶማ ከሚባለው ዕጢ ጋር ተቀላቅሎ ይቈጠር የነበረ፣ በተለይ ጨቅላዎችን የሚይዝና ለተለመደው ሕክምና የማይበገር ዕጢ ነበረ። ሮርክ አዳምስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 የ52 ሕፃናትን ሁኔታ አቅርበው ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን አስረዱ። ስሙም «አቲፒካል ቴራቶይድ ራብዶይድ ቱመር» ነው። «ራብዶይድ» የተባለው ሕዋሳቱ በሕፃናት ኩላሊት ላይ የሚታየውን ተመሳሳይ ስም ያለው ዕጢ ስለሚመስሉ ነው። «ቴራቶይድ» የተባለውም የልዩ ልዩ ኅብረ ሕዋሳት ቅልቅል ስለሚታይበት ነው፤ «አቲፒካል» የሚለው ቅጽል ደግሞ ቅልቅሉ ከእውነተኛው ቴራቶማ የተለየ መሆኑን ያመለክታል። ኋላም አብዛኞቹ ዕጢዎች በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው ኢኒ-1 የተባለ ጂን ሥራውን ያቆመባቸው መሆናቸው ታወቀ። ስሙ በመልክ ቢወጣም የሚያጸናው ማስረጃ ከጂን ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተርጓሚው እንመለስ። «ቴራስ» በግሪክ ጭራቅ ማለት ነው፤ «ራብዶስ» ደግሞ በትር። ሥረ ፍቺውን ተከትሎ «ጭራቅና በትር መሰል ዕጢ» የሚል ሰው የቃሉን አጥንት ቢያገኝም ጽንሰ ሐሳቡን ያጣዋል። ይህንንም ቃል ሐኪም ለታመመ ሕፃን እናት ሲነግራት ማሰብ ይዘገንናል። «ዕጢ» ራሱም ጥንቃቄ ይሻል፤ በቋንቋችን ጤነኛውን አመንጪ ክፍል፣ ለምሳሌ የምራቅ ዕጢን፣ እንዲሁም ያለቅጥ የበቀለውን በአንድነት ይጠራልና።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። በሐኪሞች ጽሑፍ ስሙ ሳይተረጐም በፊደላችን ይጻፍ። በመዝገበ ቃላት ፍቺው ከግሪኩ ሥር ሳይሆን ከጂኑ መለያ ይነሣ። ለቤተ ሰብ በሚነገርበት ጊዜ ደግሞ «በጨቅላ ሕፃናት አንጎል ውስጥ ፈጥኖ የሚያድግ ካንሰር» ይባል። ይህ አነጋገር ስም ባይሆንም፣ እናትየው መጠየቅ የሚገባትን እንድትጠይቅ ያስችላታል።