በስጦታ ሰዓት ጀርባ ላይ ስም ማስቀረጽ ይገባልን?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ሁሉ እንደሚያውቀው፤ በዚያ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠያየቀው ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ነው። እኛ በዚህ መንገድ በተጓዝን ጊዜ ቢቸና ላይ የገጠመን ጥያቄ ግን ከዝናብም ከጤፍም የራቀ ነበር። ጥያቄውን ያቀረበልን ከከተማው መሥሪያ ቤቶች ባንዱ በመሬት ጉዳይ የሚሠራ፤ ትምህርቱን ከጨረሰ ገና ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ ወጣት ነው። ሻይ ቤት ውስጥ አጠገባችን ተቀምጦ ጥቂት ካመነታ በኋላ ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሲፈታው የስዊስ ሥራ የሆነ ኦሜጋ የእጅ ሰዓት ነው። በእጁ አስሮት እንደመሄድ በኪሱ ለምን እንደሚይዘው ብንጠይቀው «ጭንቀቴስ ይኸው አይደል?» አለን።

ሰዓቱን የላከችለት ታላቅ እኅቱ ናት። አባታቸው ከሞተ ወዲህ እሱን ያሳደገችውና ያስተማረችው እሷ ስትሆን፤ በአሜሪካ አገር ሽማግሌዎችን በመንከባከብ ሥራ ላይ ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ወንድሟ በተመረቀ ጊዜ የሌሊት ተራ እየጨመረች ባጠራቀመችው ገንዘብ ሰዓቱን ገዛችና በሰው እጅ ላከችለት። በስልክም «ጀርባውን ባዶ የተውኩልህ በአገራችን ፊደል ስምህን እንድታስቀርጽበት ብዬ ነው» አለችው። እሱም «እሺ፤ እትዬ» ብሎ ቃል ገባ። ቃሉን ከሰጠ ግን ሁለት ዓመት አለፈ፤ ጀርባውም እንደ ባዶ ነው።

አንባቢ «ይህም ጥያቄ ሆኖ በጋዜጣ ይወጣልን?» ይለን ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው አስበን ነበር። ልጁ ግን ነገሩን ሲያስረዳን ቀልዱን ተውነው። የእናቱ ዓይን በየጊዜው እየደከመ ሄዷል፤ ሐኪም ዘንድ የሚወስዷቸው ቀን ቢመጣ በቤቱ ውስጥ ፈጥኖ ገንዘብ ሊሆን የሚችለው ዕቃ ይህ ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ነጋዴ አይቶት ዋጋ ጠርቶለታል፤ ነገር ግን «ስም ካልተጻፈበት ነው» ብሎታል። በሌላ ወገን ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ሰዓቱን አስሮ የገባ ቀን ባልደረቦቹ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ተመልክቷል። መሬት የሚያስለካው፣ ወሰን የሚያስተካክለው፣ ካርታ የሚጠይቀው ባለጉዳይ ሁሉ በሚመላለስበት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ወጣት፤ በደመወዙ የማይገዛውን ሰዓት ከየት አመጣው? «ከእኅቱ የተሰጠ» የሚል ቢቀረጽበት ምስክር ይሆነኝ ነበር ሲል አሰበ። እንግዲህ ስሙን ቢያስቀርጽ የእናቱን መታከሚያ የሚያረክስ መሰለው፤ ባያስቀርጽ የእኅቱን ቃል የሚያፈርስና የራሱንም ስም ለሐሜት የሚተው መሰለው። መሐረቡ የመጣው ከዚህ ነው።

ነጋዴው ስለ ዋጋው የተናገረው እውነት መሆኑን መደበቅ አይገባም። በሰዓት ገበያ፤ ስሙ የማይታወቅ ሰው የተጻፈበት ሰዓት ካልተጻፈበት ያነሰ ዋጋ ያወጣል። ገዢው የሌላ ሰው ስም በገላው ላይ አድርጎ መዞር ስለማይወድ ማስፋቂያውንም አብሮ ያስባል፤ መፋቅ ማለት ደግሞ ብረቱን ማሳሳት ነው። ጽሑፉ ጥልቅ ከሆነ ከተፋቀም በኋላ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ጥላው ይቀራል።

ስሙ የታወቀ ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፖል ኒውማን የተባለው አሜሪካዊ ተዋናይ የመኪና እሽቅድምድም ይወድ ስለነበር፤ ሚስቱ ጆአን ውድዋርድ የሮሌክስ ሰዓት ስትሰጠው በጀርባው ላይ ስሙንም ስሟንም ሳትጽፍ፤ በጥንቃቄ እንዲነዳ የሚያሳስብ አጭር ቃልና «እኔ» የሚል ብቻ አስቀረጸችበት። ያ ሰዓት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ሲሸጥ 17.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ። ለጨረታው ያቀረበው ኒውማን አልነበረም። እሱ ከብዙ ዓመት በፊት ሰዓቱን ለልጁ ጓደኛ ለነበረ ወጣት አንሥቶ ሰጥቶት ነበር። ሚስት ለባሏ ያስቀረጸችው ቃል በሌላ ሰው እጅ ላይ ዓመታት ኖረ ማለት ነው።

ወጣት ሹማምንት አንባቢዎቻችን ደግሞ የኬኔዲን ሰዓት ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። የፍሎሪዳው ፖለቲከኛ ግራንት ስቶክዴል እ.ኤ.አ. በ1960፤ ምርጫው ገና ሳይደረግ፤ ለወዳጁ ለጆን ኬኔዲ ቀጭን የወርቅ ኦሜጋ ሲሰጠው በጀርባው ላይ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ብሎ አስቀረጸበት። ኬኔዲም አሸነፈና እ.ኤ.አ. በጥር 1961 ቃለ መሐላ ሲፈጽም ያንኑ ሰዓት አሰረ። ባያሸንፍስ ኖሮ? ገና ያልተሾሙበትን ማዕርግ በወርቅ ላይ ማስቀረጽ ለስቶክዴል ወዳጅ ሠመረለት እንጂ፤ በእኛ አገር እንኳን ያልተሾሙበት የተሾሙበትም ቢሆን ከሰዓቱ ማሰሪያ ቀድሞ ሲያልቅ አይተናል።

የአገራችንም ታሪክ የሰዓት ነገር አያጣም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ጄኔቭ ላይ በክሪስቲስ የጨረታ ቤት ሊሸጥ ተዘጋጅቶ ሳለ፤ የባለቤትነት ክርክር ስለተነሣበት ከጨረታው እንዲወጣ ተደርጓል። የሰዓቱን ዋጋ ከፍ ያደረገው የማን እንደነበረ መታወቁ ነው፤ ሽያጩን ያገደውም ያው የማን እንደነበረ መታወቁ ነው።

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው አውቶቡስ ላይ ከወጣቱ ጋር አብረን ተሳፈርን። ሞጣ የሚሄደው፤ የእናቱ ወንድም የሆኑትንና ፊደል ያስቆጠሩትን የኔታን ሊያማክር ነው። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ድረስ ስለ ሰዓት ስናወራ ቆየን። በመካከል ግን ጨዋታችን ከሰዓት ወጥቶ ወደ ሽጉጥ ገባ፤ ምክንያቱም በስጦታ ዕቃ ላይ ስለ ተቀረጸ ጽሑፍ ሲነሣ እኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰን የመቅደላው ነው።

የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ ጥንድ ሽጉጥ በስጦታ ልካ ነበር። ቆንስሏ የነበረው ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ቆስሎ ከሞተ በኋላ፤ ንጉሡ ለእሱ ስላደረጉት ቸርነት ምስጋናዋን ልትገልጽ ፈልጋ ነው። ይኸው ምስጋና ከ1861 ዓመት ቍጥር ጋር በሽጉጡ ላይ በእንግሊዝኛ ተቀረጸ። ሽጉጦቹን አዲሱ ቆንስል ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1862 አደረሳቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተማሪዎቻችን ያውቁታል፤ ንጉሡ ለንግሥቲቱ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፣ ካሜሮን ታሰረ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት የጠጡት ሽጉጥ ከዚያ ጥንድ አንዱ ነበር። አምባውን የያዙት ወታደሮች ሽጉጡን አንሥተው ቢያዩት፤ የንግሥታቸው ምስጋና በራሳቸው ቋንቋ ተጽፎበት አገኙት። ወዳጅነቱ ከፈረሰ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ጽሑፉ ግን አልሰማም።

ወጣቱ ይህን ሲሰማ ዝም አለና «የእኔና የእትዬ ነገር እንኳ እንደዚያ አይሆንም» አለ። እኛም አይሆንም አልን። ይሁን እንጂ ሰዓት ከሹም ወይም ከባለጉዳይ የመጣ ቢሆን ኖሮ ምክራችን ሌላ እንደሚሆን ሳንነግረው አላለፍንም፤ ያን ጊዜ ጥያቄው መቅረጽና አለመቅረጽ አይደለም፤ መመለስ ነው።

የኔታን ያገኘናቸው በግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ልጁ ጉልበታቸውን ስሞ ሰዓቱን ከመሐረቡ ፈትቶ ሰጣቸው። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ጥቂት አደመጡ፤ ገልብጠውም ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ተነሥተው ገቡና በቆዳ ማኅደር የተከተተ ዳዊታቸውን ይዘው ወጡ።

«ይህን ዳዊት አባቴ ሲገዙት የሁለተኛው ባለቤት ስም ተጽፎበት ነበር» አሉን። «የመጀመሪያው ባለቤት ያስጻፈው ለራሱ ነው፤ በክፉ ቀን ግን ለልጆቹ እህል ሸጠው። የገዛው ሰው ስሙን በምላጭ ፍቆ የራሱን ጻፈበት። አባቴ የእነሱን አልነኩም፤ የራሳቸውንም አልጨመሩም።» ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አነሡት። እውነትም በጥቁሩ ስም ሥር የተፋቀው ብራና ሳስቶ የፊተኛው ስም ጭረት ይታያል። «እኔ ስጸልይ ሁለቱንም እጠራለሁ» አሉ።

በአገራችን መጻሕፍት ላይ የሚሰርቅና የሚፍቅ የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል መጻፉ የቆየ ልማድ ነው። የሚፍቅ ባይኖር ኖሮ ግዝቱም ባላስፈለገ ነበር። እኛ ይህን ስንል የኔታ ሣቁና ወደ እኅታቸው ልጅ ዞሩ።

«ለእናትህ ዓይን ብትሸጠው ማን ይነቅፍሃል? ስም ቢኖርበት ጥቂት ብር ይጎድላል፤ ከዚያ በቀር የሚከለክልህ የለም። ያ ሰው ዳዊቱን የሸጠው ስሙን እያየ ነው።»

«ሐሜቱስ፤ የኔታ?»

«ጽሑፉ ያለው የት ነው? በጀርባው አይደል? ጀርባው የሚያወራው ከገላህ ጋር ነው፤ ሐሜተኛው የሚያየው ፊቱን ነው። እጅህን እያገላበጥህ ልታስነብብ ነው?»

በዚህ እኛም የምንጨምረው አለን። ቀራጭ የከፈሉትን ይጽፋል፤ ጉቦ የተቀበለም ሰው «ከእኅቴ» ብሎ ማስጻፍ አያቅተውም። ለመንግሥት ሠራተኛ ምስክር የሚሆነው በሰዓቱ ጀርባ የሚጻፈው ሳይሆን በመዝገብ የሚጻፈው ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቍጥር 668 ያስፈለገው ለዚህ ነው። ወጣቱ እኅቱ የገዛችበትን ደረሰኝ አስልኮ ለአለቃው በጽሑፍ ቢያስታውቅና ሰዓቱን በግልጥ ቢያስር፤ በኪስ ከተጠቀለለ ሰዓት ይልቅ ሐሜቱን ያደክመዋል። የሚደበቅ ዕቃ ራሱ ያሳማል።

የኔታ ግን ገና አልጨረሱም ነበር። «ይህን ማን ሰጠህ?» አሉት። «እትዬ።» «ታዲያ የሚጻፈው የማን ስም ነው? ያንተንስ ስም አንተው አትረሳው።» ልጁ መልስ አጣ፤ እኛም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን አላሰብንም ነበር። ሰው በስጦታ ዕቃ ላይ የራሱን ስም ሲያስጽፍ ለሌባ ያስታወቀ ይመስለዋል፤ ሰዓቱ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለልጅ ሲደርስ ግን ሊጠየቅ የሚችለው የማን እጅ ላይ ነበር ብቻ ሳይሆን ከማን መጣ የሚለው ነው። በጋብቻ ቀለበት ውስጥም ሚስት የባሏን፤ ባልም የሚስቱን ስም እንጂ የየራሱን አያስቀርጽም።

ለእኅቱ እዚያው ደወለላት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «የእኔ ስም ምን ያደርግልሃል?» ብላ ተከራከረች፤ ኋላ ግን «ፊደሉን የኔታ ራሳቸው ይጻፉት» አለች።

የኔታም ነጭ ወረቀት አስመጥተው የእኅቱን ስምና ሰዓቱ የተሰጠበትን ዓመት በትልልቁ ጻፉ። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። የእኛ ፊደል በትንሿ ጭረት መልኩ የሚለወጥ ነው፤ ቀራጩ «ከበደ» ሲል በመጨረሻው ፊደል ጎን አንዲት ጭረት ቢያመልጠው «ከበዱ» ይሆንና አንዱ ሰው ብዙ ይሆናል። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ይሰረዛል፤ በብረት ላይ ግን ብረቱ ነው የሚነሣው። ከዓመቱም ቍጥር በኋላ «ዓ.ም.» የሚለው አብሮ መቀረጽ አለበት፤ አለዚያ የእኛና የአውሮፓ አቈጣጠር በሰባትና በስምንት ዓመት ስለሚለያይ ከጊዜ በኋላ የሚያነበው ሰው ይሳሳታል።

እኛም ለወጣቱ ከሰዓት ሠሪዎች የሰማነውን ነገርነው። ሰዓቱ እንደ ተገጠመ መቀረጽ የለበትም፤ ንዝረቱና የብረት ብናኙ የውስጡን ሥራ ይጎዳል። መጀመሪያ ሰዓት ሠሪ ጀርባውን ይክፈት፣ ክዳኑ ብቻውን ለቀራጩ ይሂድ፣ ሲመለስም ውኃ እንዳይገባ የሚከለክለው ቀጭን የጎማ ቀለበት በቦታው መቀመጡ ይታይ። የፋብሪካው ቍጥር በጀርባው ካለ አይነካ። ወርቅ ለስላሳ ነው፤ መሣሪያው በቀላሉ ይገባል። የዚህ ልጅ ሰዓት ብረት ስለሆነ ግን ጠንካራ እጅ ወይም መኪና ይፈልጋል። ጀርባው መስታወት የሆነ ሰዓት ያለው ደግሞ በዙሪያው ካለው ጠባብ የብረት ጠርዝ በቀር መጻፊያ የለውም።

ወጣቱ በማግሥቱ ወረቀቱን በዳዊቱ ማኅደር አጠገብ ከተቀመጠበት አንሥቶ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ከሳምንት በኋላ ደውሎልን ሰዓቱን በእጁ አስሮት እንደሚገኝ ነገረን። የተከራከረው ከቀራጩ ጋር በዋጋ ብቻ ነው፤ ቀራጩ ሒሳቡን በፊደል ቍጥር ስለሚያደርግ «ዓ.ም.» ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች እንደ ፊደል ይቈጠሩ ወይስ አይቈጠሩ በሚለው ረዘም ያለ ጊዜ ተነጋግረው ነበር።