ያለ ሰመመን ባለሙያ ቀዶ ሕክምና የለም
የቡሬ ገበሬ ማኅበራት ልጆቻቸውን ለዚህ ሙያ ማብቃት ይችላሉ

ከእርሻ ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን፤ ቡሬ

የምዕራብ ጎጃም አርሶ አደር በሬውን የሚጠምደው በጥንድ ነው። አንዱ በሬ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ጓደኛው ከታመመበት ማሳው ጦሙን ያድራል፤ ባለቤቱም መቀናጆ ፍለጋ የጎረቤት ደጅ ይጠናል። በሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙና የሰመመን ባለሙያው አንድ ቀንበር የሚስቡ ጥንዶች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ምጥ የጠናባት እናት ሆስፒታል ደርሳም እንኳ ወደ ሌላ ከተማ እንድትላክ ይገደዳሉ።

እንደሚታወቀው የአገራችን የጤና አደረጃጀት ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ተነስቶ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ጠቅላላና ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያድጋል። በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ከመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጀምሮ ሊሰጥ የሚገባው አገልግሎት ነው። ይህ ካልተሟላ ግን ከቡሬ ገጠር በቃሬዛ የተነሳች እናት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ፍኖተ ሰላም ጠቅላላ ሆስፒታል፣ አልፎም ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር መጓዝ ሊኖርባት ነው። ደም ለሚፈሳት እናት በመንገድ ላይ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ከዕድሜዋ የሚቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናቱን ያወጣው የላንሴት ዓለም አቀፍ የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ማንኛውም ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለ ሕክምና ወደሚሰጥበት ቦታ መድረስ እንዳለበት ያሳሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያው ጥናት መሠረት 5 ቢሊዮን የዓለም ሕዝብ አስተማማኝና አቅሙ የሚፈቅደው የቀዶና የሰመመን ሕክምና አያገኝም።

የሰመመን ባለሙያ ሥራ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሰመመን ባለሙያ መርፌ ወግቶ የሚያስተኛ ብቻ ይመስለዋል። ሥራው ግን ከማስተኛት ይልቅ በሕይወት ጠብቆ መልሶ ማንቃት ነው። ባለሙያው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የበሽተኛውን ልብና ሳንባ ይመረምራል፤ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የሚነቃነቅ ጥርስ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል። ቀጥሎም ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘውን የጀርባ መርፌ ወይም ሙሉ ሰመመንን ይመርጣል። ሐኪሙ በሚቀድበት ጊዜ ሁሉ ከራስጌ ሳይለይ ትንፋሽን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትንና የኦክስጅንን መጠን ይከታተላል። አንጎል ያለ ኦክስጅን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነውና ለአፍታ መዘናጋት የማይታረም ጉዳት ያስከትላል።

የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በበሽተኛው የሰውነት ክብደት፣ ዕድሜና ጤንነት ነው። የአረም መድኃኒት የረጨ ገበሬ ይህ አይጠፋውም፤ ሲያንስ አረሙ አይሞትም፣ ሲበዛ አዝመራው ይቃጠላል። ልዩነቱ፣ የተቃጠለ አዝመራ በሚቀጥለው ክረምት መተካት ሲችል የሰው ሕይወት ምትክ የሌለው መሆኑ ነው።

ሙያው ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በኤተር ጢስ በሽተኛ አስተኝቶ ቀዶ ሕክምናው ያለ ሥቃይ መከናወኑን በሕዝብ ፊት አሳየ። ከዚያ በኋላ ሥራውን ከያዙት መካከል ነርሶች ይገኙበታል። በሚኒሶታ ከማዮ ወንድማማቾች ጋር ትሠራ የነበረችው ነርስ አሊስ ማጎ ከ14 ሺህ በላይ የሰመመን አገልግሎቶችን የሚመለከት ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1906 አሳትማለች። በአገራችንም የሰመመን ስፔሻሊስት ሐኪሞች ጥቂት በመሆናቸው የሥራውን አብዛኛውን ሸክም የተሸከሙት ከነርስነት ተነስተው ወይም በቀጥታ በዲግሪ ሠልጥነው የወጡ ባለሙያዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በሁለተኛ ዲግሪ ማሠልጠን ሲጀመር ዓላማው ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ቀዶ ሐኪም ማድረስ ነበር። ይሁን እንጂ እነዚህ ባለሙያዎች በሄዱበት ሁሉ አጠገባቸው የሚቆም የሰመመን ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። አንዱን አሠልጥኖ ሌላውን መርሳት አንድ በሬ ገዝቶ ለማረስ እንደ መነሳት ነው።

መግቢያው በር

ወደዚህ ሙያ የሚያስገባ መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው። በክልላችን ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች የአንስቴዥያ ትምህርት ክፍል አላቸው። ተማሪዋ የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍን መርጣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ማለፍ አለባት። ፈተናው ቀላል አይደለም። ለ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በተሰጠው ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በመሆኑም ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ገና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሊጠኑ ይገባል።

የመጀመሪያ ዲግሪው አራት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶች ይሰጣሉ። ቀጥሎ የሰውነት አካላትና አሠራራቸው፣ የመድኃኒት ጠባይ፣ የመሣሪያዎች አጠቃቀም ይከተላል። ከዚያም ተማሪው ሌሊት ተረኛ እየሆነ በሆስፒታል ይለማመዳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ለሥራ ፈቃድ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ፈተና ይጠብቀዋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ወጪውን በሙሉ በቅድሚያ እንዲከፍል አይጠየቅም፤ በወጪ መጋራት ውል ገብቶ ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ ይከፍላል። «ገንዘብ የለንም» ብሎ ልጅን ከትምህርት ማስቀረት እንግዲህ በቂ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ነርስ ሆኖ ሲሠራ የቆየ ሰው ትምህርቱን አሻሽሎ ወደ ሰመመን ሙያ መሻገሩ ነው። ይህ ነርስ በሽተኛ መንከባከብን ያውቃል፣ ሌሊት መቆምን ለምዷል፤ ቦታውንም ሕዝቡንም ያውቃል። አመልካቹ የትምህርት ማስረጃውንና የሥራ ፈቃዱን አሟልቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ድጋፍ አግኝቶ የመግቢያ ፈተና ይቀርባል። መሥሪያ ቤቱ የሚያስተምረው ከሆነ ደግሞ ተመልሶ ለማገልገል ውል ይገባል። የመግቢያው መስፈርት ከዓመት ዓመት ሊለዋወጥ ስለሚችል የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትንና የዩኒቨርሲቲዎቹን የዓመቱን ማስታወቂያ በጊዜ መከታተል ይገባል።

ከማኅበራት መሪዎች ምን ይጠበቃል?

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የተቋቋሙት ገበሬ ማኅበራት ከመካከላቸው ሰው እየመረጡ ለጤና ወኪልነትና ለልምድ አዋላጅነት ያሠለጥኑ እንደነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመርም ሠልጣኞቹ ሴት ልጆች የተመረጡት ከየአካባቢያቸው ነው። ዛሬ አደረጃጀቱ ቀበሌ ቢባልም ሰዉ «ገበሬ ማኅበር» ማለቱን አልተወም፤ የመምረጥና የማገዝ ልማዱም ሊተው አይገባውም። መሪዎች ሊፈጽሟቸው ከሚችሉት ተግባራት መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል፦

አንደኛ፣ በሳይንስ ትምህርት የሚበልጡ ልጆችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ከትምህርት ቤት ጋር ተነጋግሮ መለየት ያስፈልጋል። ከገጠር ቀበሌ ወደ ቡሬ ከተማ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ስንቋ በየሳምንቱ ካልደረሰላት፣ ወይም ወላጆቿ ሊድሯት ካሰቡ ትምህርቷ ይቋረጣል። እንዲህ ያለውን ጋብቻ በሽማግሌም በሕግም ማስቆም የመሪ ኃላፊነት ነው። በመኸር ጊዜ ወላጆቿ የሰው ጉልበት ቢያጥራቸው በደቦ አጭዶ ልጅቱን ከክፍል እንዳትቀር ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ በአካባቢው የሚሠሩ ነርሶች ለዚህ ትምህርት እንዲታጩ በወረዳው ስብሰባ ላይ ጥያቄ ማቅረብ ይገባል። ስለ መንገድና ስለ ማዳበሪያ እንደሚጠየቀው ሁሉ «ሆስፒታላችን ስንት የሰመመን ባለሙያ አለው? እርሱ ሲታመም ወይም ሲዛወር ማን ይተካዋል?» ብሎ መጠየቅ ከመሪዎች የሚጠበቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ተምሮ የመጣው ባለሙያ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ውል ሰውን ለተወሰነ ጊዜ ያስራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆየው መኖሪያ ቤት፣ የሥራ ባልደረባና የሕዝብ አክብሮት ነው። ሌሊት ተጠርቶ የሚወጣ ሰው በሰላም ደርሶ እንዲመለስ መጠበቅም የነዋሪው ድርሻ ነው።

አራተኛ፣ ሕዝቡን ማስተማር ነው። በቀጠሮ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና በሽተኛው ከመተኛቱ በፊት ለ6 ሰዓት እህል፣ ለ2 ሰዓት ደግሞ ውሃ መቅመስ የለበትም። ሆድ ውስጥ ያለው ነገር በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላልና። ለድንገተኛ ሕክምና የመጣ ሰው ደግሞ መቼና ምን እንደበላ፣ ጠላም ሆነ አረቄ ጠጥቶ፣ የባህል መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ሳይደብቅ ይናገር። አጃቢዎች ተቆጥተው በሽተኛው አልበላም ብለው ቢዋሹ የሚጎዳው በሽተኛው ነው።

ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የገባች የገበሬ ልጅ ሳታቋርጥ ብትማር የሁለተኛ ደረጃው አራት ዓመት፣ የዩኒቨርሲቲው አራት ዓመት ነው፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ከበሽተኛ ራስጌ ትቆማለች። የባሕር ዛፍ ችግኝ ተክሎ አጣና እስኪሆን የሚጠብቅ የቡሬ ገበሬ ይህን ያህል ጊዜ መታገሥ አያቅተውም። ስለዚህ የማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባቸው ከማዳበሪያውና ከምርጥ ዘሩ አጀንዳ ጎን ለጎን «ከቀበሌያችን ማንን ለዚህ ትምህርት እናዘጋጅ?» የሚለውን ጥያቄ አንስተው ቢወያዩበት፣ ስማቸውንም በመዝገብ ቢያሰፍሩ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።